ስለ አመጋገብ ሕመምና በወጣቶች አእምሮ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

የሰው ልጅ የሚራበው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ረኃብ እህል በመጥፋቱ ምክንያት የሚመጣው ነው። ይህን ረኃብ አገራችን ታውቀዋለች፤ ታላላቆቻችንም ስሙ ሲነሣ ዛሬም ፊታቸው ይለወጣል። ሁለተኛው ረኃብ ግን እህሉ ሞልቶ፣ ገበታው ቀርቦ፣ እናት «ብዪ እንጂ ልጄ» እያለች በምትለምንበት ቤት ውስጥ የሚገኝ ረኃብ ነው። ይህ ሁለተኛው ረኃብ መነሻው አእምሮ ስለሆነ ምግብ በማቅረብ ብቻ አይድንም። ሐኪሞች የአመጋገብ ሕመም ብለው የሚጠሩት ይህንን ነው።

በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ በእኛ ዕድሜ ባሉ ወጣቶች አእምሮና ጠባይ ላይ ምን እንደሚያደርስና እንዴት እንደሚድን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጸሐፊው ተማሪ እንጂ ሐኪም ስላልሆነ ጽሑፉ የሐኪምን ቦታ አይተካም፤ ወደ ሐኪም የሚያደርሰውን መንገድ ግን ያሳያል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ርእሱን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። በተማሪ ቤታችን ስለ ወባ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ኤች አይ ቪ ብዙ ተምረናል። ስለዚህ ሕመም ግን ሲነገር የሰማሁት «የጥጋብ በሽታ ነው» ወይም «የፈረንጅ ቅብጠት ነው» እየተባለ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው አነጋገር ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ የታመመችው ልጅ ሕመሟን እንደ ነውር ቆጥራ ትሸሽገዋለች። ሁለተኛ፣ በዙሪያዋ ያለን ሰዎች ምልክቱን እያየን ምንነቱን አናውቀውም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የበሽታውን ስም ያልተማረ ሰውም ሳያውቅ ከደባቂዎቹ ጋር ይቆጠራል።

የሕመሙ ዓይነቶች

ዋና ዋናዎቹ የአመጋገብ ሕመሞች ሦስት ናቸው።

1ኛ/ አኖሬክሲያ ነርቮዛ የተባለው ነው። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው ሰውነቱ ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ምግብ ይወስዳል፤ እየከሳ ሲሄድም ራሱን እንደ ወፍራም ያያል። አጥንቱ እየታየ መስተዋት ፊት ቆሞ «ገና ነኝ» ይላል። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የምግብ ፍላጎት ማጣት ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ስያሜው ሰውን ያሳስታል። ሕመምተኛው ይራባል፤ ስለ ምግብም ቀንና ሌሊት ያስባል፤ ነገር ግን መብላትን ይፈራል።

2ኛ/ ቡሊሚያ ነርቮዛ ነው። በዚህ የተያዘ ሰው በድብቅ ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ይበላል። ወዲያው ኀፍረትና ፍርሃት ይይዘውና የበላውን ከሰውነቱ ለማስወጣት ወይም ራሱን በመከልከልና ከልክ ባለፈ ስፖርት ለማካካስ ይሞክራል። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከጤነኛ ሰው ስለማይለይ ለዓመታት ማንም ሳያውቅበት ሊኖር ይችላል።

3ኛ/ ከልክ ያለፈ የመብላት ሕመም ነው። ሕመምተኛው መብላቱን ማቆም ተስኖት እስኪያመው ይበላል፤ ካበቃ በኋላም ራሱን ይጠላል። ይህ ሕመም የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሚያወጣው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የተመዘገበው በ2013 ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው የአመጋገብ ሕመም የከሳ ሰው ሕመም ብቻ አይደለም። ወፍራሙም፣ ቀጭኑም፣ መካከለኛውም ሊታመም ይችላል። የሰውነት መልክ አይቶ «እርሷ ደኅና ናት» ማለት አይቻልም።

የሕመሙ ታሪክ

ብዙ ሰዎች ይህ ሕመም ከፋሽን መጽሔትና ከቴሌቪዥን ጋር የተወለደ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1689 ሪቻርድ ሞርተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ያለ ትኩሳትና ያለ ሳል እየመነመኑ ስለ ሄዱ ሁለት ወጣቶች ጽፏል። አንደኛዋ ልጃገረድ ስትሆን ሁለተኛው ወንድ ልጅ ነበር። ሐኪሙ መንሥኤው ኀዘንና የአእምሮ ጭንቀት መሆኑን በዚያን ዘመን አስተውሏል። ልጅቱ ሕክምናውን ስለ ተወች ሞተች። እንግዲህ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሕመምተኞች አንዱ ወንድ መሆኑን ልብ እንበል። ሕመሙ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ወንዶችንም ግን አይምርም። ወንድ ልጅ «ይህ የሴት በሽታ ነው» እየተባለ ስለሚያፍር ወደ ሐኪም የሚሄደው ዘግይቶ ነው።

በ1873 በለንደን ዊልያም ገል፣ በፓሪስ ደግሞ ሻርል ላሴግ የተባሉ ሐኪሞች በየበኩላቸው ሕመሙን በዝርዝር ገለጡ። አኖሬክሲያ ነርቮዛ የሚለውን ስም የሰጠው ገል ነው። ቡሊሚያ ነርቮዛን ለይቶ የሰየመው ደግሞ ጄራልድ ራስል የተባለው የለንደን የአእምሮ ሐኪም ሲሆን ዘመኑም 1979 ነው።

ሕዝብ በሰፊው ስለ ሕመሙ መነጋገር የጀመረው ግን ታዋቂ ሰዎች በታመሙ ጊዜ ነው። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ካረን ካርፔንተር በየካቲት ወር 1983፣ በ32 ዓመቷ በልብ ድካም ስትሞት ምክንያቱ ለዓመታት የቆየባት አኖሬክሲያ መሆኑ ታወቀ። በ1995 ደግሞ የእንግሊዟ ልዕልት ዳያና በቴሌቪዥን ቀርባ ቡሊሚያ እንደነበረባት በግልጽ ተናገረች። ገንዘብም ዝናም ከዚህ ሕመም እንደማያድኑ ከእነዚህ ሁለት ሴቶች ሕይወት ማየት ይቻላል።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ሊቃውንት የሚስማሙት አንድ ብቻውን የቆመ ምክንያት የለም በማለት ነው። ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ሕመሙ ይነሣል፤ እነዚህም የተፈጥሮ ዝንባሌ፣ የሰውዬው ጠባይ፣ እንዲሁም የሚኖርበት ዓለም ናቸው።

ስለ ተፈጥሮ ዝንባሌ የሆነ እንደሆነ፣ በ2019 የወጣ ሰፊ ጥናት ከ16,000 በላይ የአኖሬክሲያ ሕመምተኞችን ዘር መርምሮ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 8 ቦታዎችን አግኝቷል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሰውነት ምግብን ከሚጠቀምበት አሠራር ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ታይቷል። ስለዚህ «እናቷ በደንብ ስላላሳደገቻት ነው» የሚለው የሰፈር ሐሜት ከእውነት የራቀ ነው።

በጠባይ በኩል ብዙዎቹ የአኖሬክሲያ ሕመምተኞች ጥንቁቆች፣ ስሕተትን የሚፈሩ፣ በትምህርታቸውም ብርቱዎች መሆናቸው ታውቋል። ይህን ማወቅ ለመምህራን ይጠቅማል፤ በክፍሉ ውስጥ ፈጽሞ የማታስቸግረው፣ ደብተሯም ከሁሉ የጸዳው ተማሪ ልትሆን ትችላለችና።

ስለ ሦስተኛው፣ ማለት ስለምንኖርበት ዓለም፣ ሁለት ጥናቶችን ልጥቀስ፤ ሁለቱም ወደ እኛ ኑሮ የሚቀርቡ ናቸው።

የመጀመሪያው የተደረገው በፊጂ ደሴቶች ነው። የፊጂ ሕዝብ እንደ እኛ እንግዳን አብልቶ የማይጠግብ፣ ሞላ ያለ ሰውነትንም የጤናና የመከበር ምልክት አድርጎ የሚቆጥር ነበር። ናድሮጋ በተባለው አውራጃ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 ነው። አን ቤከር የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በዚያው ዓመት ቴሌቪዥኑ እንደ ገባ የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶችን ጠየቀች፤ ክብደት ለመቀነስ ብላ የበላችውን እንደምታስወጣ የተናገረች አንዲት ተማሪ እንኳ አልነበረችም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ ይህን እናደርጋለን ያሉት ከ100 ተማሪዎች 11 ያህል ሆነው ተገኙ። ልጃገረዶቹ በቴሌቪዥን እንደሚያዩአቸው ሴቶች ለመሆን እንደሚመኙ ራሳቸው አስረድተዋል። እንግዲህ «ባህላችን ይጠብቀናል» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንደማይበቃ እንመልከት። በፊጂ የቆየው ልማድ ሲናጋ ሦስት ዓመት ብቻ ፈጀ። ዛሬ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ከሳሎን ወጥቶ በየኪሳችን ገብቷል። በ2021 ይፋ የወጡ የፌስቡክ ኩባንያ ውስጣዊ ወረቀቶች እንደሚያሳዩት፣ ስለ ሰውነታቸው መጥፎ ስሜት ከሚሰማቸው ወጣት ሴቶች መካከል ከ100ው 32ቱ ኢንስታግራም ስሜታቸውን እንዳባሰባቸው ለኩባንያው አጥኚዎች ተናግረዋል።

ሁለተኛው ጥናት የተደረገው በዚሁ በአፍሪካችን፣ በሰሜን ምሥራቅ ጋና ነው። በ2004 በወጣው በዚህ ጥናት ሐኪሞች 668 ሴት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መርምረው፣ ሌላ በሽታ ሳይኖርባቸው ራሳቸውን በመከልከል ብቻ እጅግ የከሱ 10 ልጃገረዶች አገኙ። እነዚህ ልጃገረዶች እንደ አውሮፓና እንደ አሜሪካ ሕመምተኞች «ውፍረት እንፈራለን» አላሉም። ምግብ መተዋቸውን በሃይማኖት ዓይን የሚያዩት፣ ራስን የመግዛት ብርታት አድርገው የሚቆጥሩት ነበሩ።

ይህ የጋና ጥናት እኔን ከሁሉ ይልቅ አሳስቦኛል። አገራችን የጾም አገር ናት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጾማል፤ ጾምም በራሱ ሕመም አይደለም፤ ሰውን ከሰው፣ ሰውን ከፈጣሪው የሚያገናኝ ሥርዓት ነው። ነገር ግን አንዲት የታመመች ልጅ በጾም ስም ብትሸሸግ ማን ያውቅባታል? እንዲያውም «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ተብላ ትመሰገናለች። ልዩነቱን ለማወቅ የሚረዱ ነገሮች አሉ። ጾም የታወቀ ጊዜ አለው፤ የሚጾመውም ከሕዝብ ጋር ነው። ጾመኛ ፋሲካን ወይም ኢድን በናፍቆት ይጠብቃል፤ ሕመምተኛዋ ግን የፍስክ ቀን ሲቀርብ ትጨነቃለች፤ ከቤተሰብ ገበታም ምክንያት ፈልጋ ትሸሻለች። ጾመኛ ስለ ነፍሱ ያስባል፤ ሕመምተኛዋ ሐሳቧ ሁሉ ሚዛን ላይ ነው። በሁለቱም እምነቶች ደግሞ የታመመ ሰው እንዲጾም አይገደድም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልዩነት የንስሐ አባቶችና የሃይማኖት መምህራን ቢያውቁት ከማንም በፊት ሊረዱ ይችላሉ።

በአእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማለቂያ ላይ፣ በ1944 እና በ1945፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ሊቅ አንድ ምርመራ አደረገ። ዓላማው በጦርነቱ የተራቡት የአውሮፓ ሕዝቦች እንዴት ቢመገቡ እንደሚያገግሙ ለማወቅ ነበር። ለኅሊናቸው ብለው ጦር መሣሪያ አንይዝም ያሉ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ገቡበት። እነዚህ ሰዎች በአካልም በአእምሮም ብርቱዎች መሆናቸው ተመርምሮ የተመረጡ ነበሩ። ለ6 ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰ።

ውጤቱ አስደናቂ ነበር። ደስተኞች የነበሩት ሰዎች ተቆጪዎችና ተካፋዮች ሆኑ። ከጓደኞቻቸው ተለዩ፤ ሳቅና ጨዋታ ተዉ፤ ትምህርት አልገባ አላቸው። ከምግብ በቀር ሌላ ማሰብ ተሳናቸው፤ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ጀመር። ከመካከላቸውም በከባድ ድብርት የወደቁ ነበሩ። ምግቡ ከተመለሰላቸውም በኋላ አእምሯቸው ወደ ቀድሞው ሁኔታ ለመመለስ ወራት ፈጅቶበታል።

ከዚህ ምርመራ የምንማረው፣ መራብ ራሱ አእምሮን እንደሚያሳምም ነው። የተራበ አእምሮ በትክክል ማመዛዘን አይችልም። እንግዲህ ለታመመችው ልጅ «አእምሮ የለሽም ወይ? ለምን አትበዪም?» ብሎ መቆጣት እግሩ የተሰበረን ሰው «ለምን አትሮጥም?» እንደ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ሐኪሞች የአእምሮ ሕክምናውን ከመመገቡ ጋር አብረው ያስኬዱታል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር፣ የአመጋገብ ሕመም ብቻውን እምብዛም አለመምጣቱ ነው። በ2011 የወጣ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 ከሆነ ከ10,000 በላይ አሜሪካውያን ወጣቶች በተሰበሰበ ቃል የተሠራ ነበር። ቡሊሚያ ካለባቸው ወጣቶች ከ100ው 88ቱ፣ ከልክ ያለፈ የመብላት ሕመም ካለባቸው 84 ያህሉ፣ አኖሬክሲያ ካለባቸው ደግሞ 55ቱ ሌላ የአእምሮ ሕመም ተደርቦባቸው ተገኝተዋል። ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የማያቋርጥ ጭንቀትና ፍርሃት ነው። ሌላው ድብርት ነው፤ ይኸውም ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ደስ አለማለት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስን እንደማይረባ መቁጠር ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ራስን የማጥፋት ሐሳብ ነው። በዚያው ጥናት ቡሊሚያ ካለባቸው ወጣቶች ከግማሽ የሚበልጡት ይህ ሐሳብ እንደ መጣባቸው ተናግረዋል። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ብዙ ምርመራዎችን አንድ ላይ አሰባስቦ፣ በአኖሬክሲያ ተይዘው ከሞቱት ከ5ቱ አንዱ የሞተው ራሱን አጥፍቶ መሆኑን አስታውቋል። ይህን የጻፍኩት አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም። «ቅብጠት ነው» የሚለው ቃል ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል እንዲታወቅ ነው። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመላለስበት ካለ፣ ሐሳቡ የሕመም ምልክት መሆኑንና ሕክምና ያለው መሆኑን ይወቅ፤ ዛሬውኑም ለአንድ ለሚያምነው ታላቅ ሰው ይንገር።

አደገኛ ጠባዮች

አእምሮ በጭንቀት ሲያዝ ሰው ከጭንቀቱ የሚያመልጥበትን በር ይፈልጋል፤ በችኮላ የሚከፈተውም በር ብዙ ጊዜ ወደ ገደል የሚወስድ ነው። የአመጋገብ ሕመም ባለባቸው ወጣቶች የሚታዩት አደገኛ ጠባዮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው የበሉትን በኃይል ማስወጣትና ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት መውሰድ ነው። ይህ በሰውነት ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የተባለ ንጥረ ነገር ያጎድላል። ልብ በሥርዓት የሚመታው ይህ ንጥረ ነገር በልኩ ሲኖር ስለሆነ፣ ጉድለቱ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ጥርስም ይሸረሸራል፤ ጉሮሮም ይቆስላል።

ሁለተኛው ከልክ ያለፈ ስፖርት ነው። ታሞም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን የሚሮጥ፣ አንድ ቀን ቢያልፈው የሚታመስ ሰው ስፖርተኛ ይባላል እንጂ ሕመምተኛ አይባልም። በምግብ እጥረት የሳሳ አጥንት ግን በቀላሉ ይሰበራል።

ሦስተኛው ሱስ ነው። በተለይ ቡሊሚያ ካለባቸው ወጣቶች መካከል ወደ መጠጥና ወደ ልዩ ልዩ ዕፅ የሚያዘነብሉ ብዙ ናቸው። ሲጋራም የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋ መሆኑ የታወቀ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ጫት ይህንኑ ያደርጋል፤ ስለዚህ በፈተና ሰሞን «ለጥናት ነው» ተብሎ የተጀመረ ጫት ከበስተ ጀርባው ሌላ ነገር እንዳይኖር ማስተዋል ይገባል።

አራተኛው በገዛ ሰውነት ላይ ጉዳት ማድረስ ነው። ይህን የሚያደርግ ወጣት ትኩረት ፈላጊ ነው ተብሎ ይነቀፋል፤ እርሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርገው በስውር፣ ሊናገረው ያልቻለውን ሕመም ለማስታገሥ ነው።

አምስተኛው መዋሸትና መነጠል ነው። «በልቻለሁ» «አሞኛል» እያሉ ከገበታ መራቅ፣ ጓደኛ መተው፣ በር መዝጋት። በጋራ መሶብ በሚበላበት ቤት ይህ ወዲያው የሚታወቅ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ትሪ ላይ ማን ምን ያህል እንደ ጎረሰ የሚቆጥር የለምና እጁን እያንቀሳቀሰ ሳይበላ የሚነሣ ሰው ሳይታወቅበት ሊኖር ይችላል።

ሕክምናውና አንድ የማውቀው ቤተሰብ

በአሜሪካ በቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ በ16 ዓመቷ በአኖሬክሲያ ታመመች። ስሟን እንዳልጽፍ፣ ታሪኳን ግን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ወሬው እዚህ በተሰማ ጊዜ ከዘመድ መካከል «አሜሪካ ምግብ ጠፋ እንዴ?» ያለ ነበር፤ «ቡዳ በልቷት ነው» ያለም ነበር። የልቧ ምት እጅግ ዘግይቶ ስለ ተገኘ በመጀመሪያ ሆስፒታል ተኛች። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ቢበላ ለሕይወቱ ያሠጋል፤ ስለዚህ ምግቡ በሐኪም ቁጥጥር ጥቂት በጥቂት ተጨመረላት።

ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጣት ሕክምና በቤተሰብ ላይ የተመሠረተ ነበር። ይህ ሕክምና የተወለደው በለንደን በሞድስሊ ሆስፒታል ነው። በ1987 የወጣው የመጀመሪያው ፈተና እንዳሳየው፣ ሕመማቸው ከ19 ዓመት በፊት ለጀመራቸውና ገና ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ወጣቶች ከተናጠል ምክር ይልቅ ቤተሰብን ያሳተፈው ሕክምና የተሻለ ውጤት ነበረው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ከባድ። ልጅቱ መብላትን በራሷ ለመወሰን ስለማትችል ወላጆች ለጊዜው ውሳኔውን ይረከባሉ። በየገበታው አብረዋት ይቀመጣሉ፤ አይቆጡም፤ አይለማመጡም፤ ግን አይነሡም። እርሷ እየበረታች ስትሄድ ኃላፊነቱ ቀስ በቀስ ይመለስላታል።

አክስቴ ማታ ማታ ትሠራ ስለነበር ፈረቃዋን ቀየረች፤ ባሏም እንዲሁ። አንድ ሳሕን ፍርፍር ለማስጨረስ ሁለት ሰዓት የፈጀበት ቀን ነበር። ሳሕኑ ግድግዳ ላይ የተፈነከተበት ቀንም ነበር። ልጅቱ ወደ ሙሉ ትምህርቷ የተመለሰችው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። አሁን ደኅና ናት። ከሕመሙ ይልቅ የሚቆጫት ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «እናቴን እንደዚያ የሰደብኳት ሕመሙ ነው ብላት ታምነኝ ይሆን?» አለችኝ። አክስቴን ስጠይቃት ግን ስድቡን አታስታውሰውም፤ የምታስታውሰው ልጇ ሳትለመን እጇን ወደ እንጀራው የዘረጋችበትን ቀን ብቻ ነው።

ለቡሊሚያና ከልክ ላለፈ መብላት ደግሞ ሕመምተኛው ስለ ራሱና ስለ ምግብ ያለውን አስተሳሰብ ከሐኪም ጋር ደረጃ በደረጃ የሚመረምርበት የንግግር ሕክምና አለ፤ ብዙ ሰዎችም ድነውበታል። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሆስፒታልና በሌሎችም ሆስፒታሎች ይሰጣል። ጸበል የሚሄድም ሰው ቢሆን ሐኪሙን መተው የለበትም፤ ሁለቱ አይጣሉም። ዋናው ነገር ጊዜ ነው፤ ሕመሙ ሥር ሳይሰድ የታከመ ቶሎ ይድናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

ለወላጆች። ልጃችሁ ከገበታ ስትሸሽ፣ ሁልጊዜ ሲበርዳት፣ የወር አበባዋ ሲቋረጥ፣ ከበላች በኋላ ወዲያው ስትጠፋ፣ ጠባይዋም ሲለወጥ ብታዩ ከመቆጣት በፊት ወደ ሐኪም ውሰዷት። ሕመሙ የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ መድኃኒቱ ግን ያለ እናንተ አይገኝም።

ለመምህራን። በተማሪ ፊት ክብደት መመዘንና ቁጥሩን ጮኾ መናገር ቢቀር፣ በስፖርት ሜዳም በሰውነት መልክ ቅጽል ስም ማውጣት ቢከለከል ለብዙዎቻችን እፎይታ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች። ሰላምታችንን እንመርምር። «ምነው ከሳሽ?» «ወፈርክሳ!» ማለት በአገራችን የፍቅር አነጋገር ነው፤ እናቶቻችን ሲሉት በእርግጥም ፍቅር ነው። በእረፍት ሰዓት እየተሳሳቅን ስንለው ግን ሰሚው ቤቱ ይዞት ሊገባ ይችላል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስለ ሰው ሰውነት ዝም ማለት ማንንም አይጎዳም።

የመጨረሻው ከባዱ ጥያቄ ነው። አንዲት ጓደኛ ሕመሟን ነግራን «ለማንም እንዳትናገሩ» ብላ ብታስምለን ምን እናደርጋለን? ምስጢር መጠበቅ የባልንጀራነት ምልክት ነው ተብለን አድገናል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ይህ ሕመም የሚያድገው በምስጢር ነው፤ ሕይወትንም ያጠፋል። እንዲህ ባለ ጊዜ በእኔ አስተያየት መሐላው አይጠበቅም። ተደብቀን ግን አንናገርባት። «ስለምወድሽ ዝም ልል አልችልም፤ አብረን እንሂድ» ብለን በግልጽ እንንገራት፤ ከዚያም ወደምታምነው መምህር፣ ወይም ወደ እናቷ፣ ወይም ወደ ሐኪም አብረናት እንሂድ። ለአንድ ወር ልትቀየመን ትችላለች። ቂም ግን በሕይወት ካለ ሰው ጋር ይታረቁበታል።

ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሁሉ መጽሔቱን መደርደሪያ ላይ ከማኖራችሁ በፊት፣ በክፍላችሁና በቤታችሁ ከገበታ የምትርቅ ልጅ ወይም የሚርቅ ልጅ አለ ወይ ብላችሁ እንድታስቡ አደራ እላለሁ። ካለ ዛሬ ምሳ ሰዓት ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ራሱ ጠይቁት።